«ዓድዋ»ን ማን ገጠመው? የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባውና የእኛ የወፍጮ ቤት እንጉርጉሮ



ባለፈው የካቲት 23 የቁጠባችን ቀን ከዓድዋ በዓል ጋር ገጥሞ ነበር። ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ መዝገቡ ተፈርሞ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ከአደባባዩ የድምፅ ማጉያ «ዓድዋ» የሚለው ዘፈን መጣ። ወሬያችን ሁሉ ተቋረጠ። ከእኛ መካከል በዕድሜ የምትበልጠው እናታችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፈንዲሻ የምታዞረዋ ልጅ ሰሃኑን እንደያዘች ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራ ዘለቀችው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዷ «ለመሆኑ ይህን ማን ገጠመው?» ብላ ጠየቀች። አንዷ «ቴዲ አፍሮ ነው» አለች። ሌላዋ «የድሮ ነው፣ ባለቤት የለውም፣ የአባቶች ነው» አለች። ድምፁ የሴት መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ ግጥሙ ግን የሴት ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኛ ራሳችን ሴቶች ሆነን! በዚያን ቀን አፍረን ስለነበር ለዚህ እትም ሦስታችን ተመድበን ስለ ዘፈኑ ባለቤት እንድንጽፍ ተወሰነ።

ባለቤቱ የጎረቤት ልጅ ናት። እጅጋየሁ ሽባባው ትባላለች፤ ዓለም የሚያውቃት ጂጂ በሚለው ስም ነው። የተወለደችውና ያደገችው ቻግኒ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬን አልፎ፣ ኮሶበር ላይ ከባሕር ዳር መንገድ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው ቻግኒ ይደርሳል። ዛሬ ቻግኒ በአዊ ዞን ነው፤ እኛ በምዕራብ ጎጃም ነን። እሷ በተወለደችበት፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ግን ሁላችንም ጎጃም ነበርን። ከእኛ አንዳንዶቻችን ዕድሜያችን ከእሷ ጋር እኩያ ነው። እሷ ቻግኒ ላይ ቡሄን ስትሰማና አበባየሆሽ ስትል እኛም ጂጋና ማንኩሳ ላይ ያንኑ እንል ነበር።

ቻግኒን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከእኛ ደጋና ወይና ደጋ ወረድ ያለ ሞቅ ያለ አገር ነው። ገበያው ላይ አማርኛ፣ አገውኛና የጉሙዝ ቋንቋ በአንድ ቀን ይሰማል። ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ገበያ መሀል ያደገ ሰው ጆሮው ለአንድ ዜማ ብቻ አይገዛም። የእሷን ዘፈኖች ስንሰማ ይህን ብዙ ጊዜ እናስባለን።

ዜማ የተማረችው ደግሞ ከቤት ነው። ቤተሰቧ ቤት ከነበሩ ቄስ እንደተማረች ራሷ ተናግራለች። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንስሐ አባት ወይም የኔታ በየቤቱ ሲገቡና ሲወጡ፣ ውዳሴ ማርያሙን ሲያዜሙ፣ ጓዳ ያለችው ልጅ እየሰማች ታድጋለች። መማር የሚፈቀድለት ወንዱ ነበር፤ መስማት ግን ማንም አይከለክላትም። በጎጃም ምድር በዚህ መንገድ ሩቅ የተጓዙ ሴት እንዳሉ አንርሳ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶቹን ተማሪዎች ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። እሳቸው ግን ብርቅ ስለነበሩ ነው ስማቸው የቀረልን። ሌሎቻችን የሰማነውን ዜማ ይዘን የገባነው ወፍጮ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ምክንያቱም የእጅጋየሁ ታሪክ ያለ ወፍጮው አይገባም።

የሞተር ወፍጮ በየቀበሌው ሳይተከል በፊት ሴት ልጅ ዶሮ ሲጮኽ ተነስታ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች። መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት ትገፋለች፣ ወደኋላ ትስባለች። ጤፍ ሲሆን ይደቃል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ በቆሎና ዳጉሳ ሲሆን ክንድ ይጨርሳል። ለዚህ ሥራ ያለ እንጉርጉሮ አቅም አይገኝም። ዜማው የመጁን ምት ይይዛል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ግጥሙ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ለባል ፊት ለፊት የማይባለው፣ ለአማት የማይነገረው፣ ለቤተ ዘመድ ዳኛ የማይቀርበው ሁሉ ወፍጮ ላይ ይባላል። የሚሰማው ይሰማል። ሰምና ወርቅ ስለሆነ ማንም «ተሳደበች» ብሎ አይከሳትም። አማት ግድግዳው ማዶ ተኝታ ወርቁን ትረዳዋለች፤ ሰሙን ብቻ እንደሰማች ሆና ታድራለች። በማግስቱ ጠዋት ቡናው ላይ የሁለቱ ፊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቃለን።

ሙሾውም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ዘር፣ እርሻውን፣ በሬዎቹን፣ ደግነቱን በአንድ ቀን ገጥማ ታወርዳለች። ሕዝቡ ተቀብሎ ያለቅሳል። ሠርጉ ላይ ሙሽራዋን የምታስለቅሰው፣ ሚዜውን የምታሳፍረው ሴት ናት። እሽሩሩውን የምትለው ሴት ናት። ይህ ሁሉ ግጥም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስንት ዘመን ሲገጠም ኖረ? የአንዷ ስም እንኳ ተጽፎ የለም። ማንኩሳን አገር ሁሉ ያወቃት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ስማቸው በሽፋኑ ላይ አለ፣ ክብር ይገባቸዋል። በዚያው በማንኩሳ በዚያው ዘመን ወፍጮ ላይ የገጠሙት ሴቶች ስም ግን ከዱቄቱ ጋር ነው የሄደው።

ወንዱ መሰንቆ ይዞ ከገጠመ አዝማሪ ይባላል፤ እሱም ቢሆን ይናቃል እንጂ ስሙ ይታወቃል። ሴት ግን ወፍጮዋን ትታ አደባባይ ላይ ብትገጥም ስሟ ሳይሆን ስድቧ ነው የሚታወቀው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለሴት ልጅ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የደፈሩ ቀደም ብለው ነበሩ። ሜሪ አርምዴ ክራሯን ይዛ ዘፈነች። አስናቀች ወርቁ ክራር ደርድራ ዘፈነች፤ መድረክ ላይም ወጥታ በሴት ስም በሴት አካል ከተወኑት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። ስትሞት፣ በ2004 ዓ.ም. መስከረም፣ አገር አለቀሰላት። በወጣትነቷ ግን የተባለችውን ሁሉ ተብላለች። በእኛ ዘመን ደግሞ የደርግ ኪነት መጣ። ከእኛ አንዳንዶቻችን በቀበሌ ኪነት ተመልምለን ቆመናል፣ ደረት መትተናል፣ ስለ እናት አገር ጥሪ ዘፍነናል። ያኔ መዝፈን ግዴታ ነበርና ማንም አልሰደበንም። ኪነቱ ሲፈርስ ግን ድምፅ የነበራት ልጅ «ጎበዝ፣ አሁን ትዳርሽን ያዢ» ተብላ ተሸኘች። መድረኩ ሲፈለግ ክብር፣ ሳይፈለግ ነውር ሆነ ማለት ነው።

እጅጋየሁ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መካከል የወጣች ናት። ከአገር ወጥታ ጥቂት ዓመታት ኬንያ ኖረች። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። መጀመሪያ የሠራቻቸው ሁለት አልበሞች በስደት ላለው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ያን ጊዜ እኛ ስሟን አናውቅም ነበር፤ ካሴቱ ፍኖተ ሰላም ደርሶም ከሆነ ሻይ ቤት ከሚሰሙት ወንዶች አልፎ እኛ ጋ አልመጣም።

ስሟን ያወጣው በፈረንጆቹ በ2001 የወጣው፣ በራሷ ስም «ጂጂ» የተባለው አልበም ነው። ያሳተመው ክሪስ ብላክዌል ነው። ይህ ሰው ቀድሞ አይላንድ ሪከርድስ በሚባለው ድርጅቱ ቦብ ማርሌይንና የጃማይካን ሬጌ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። አቀናባሪው ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ በኋላም ባለቤቷ ሆነ። ከጀርባዋ ሆነው ካጀቧት መካከል ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች በጃዝ ሙዚቃ በዓለም ላይ ከታወቁት ቁንጮዎች ናቸው። እነሱ የቻግኒን ልጅ ያጀቡት እሷ የነሱን ዘፈን ዘፍናላቸው አይደለም። እሷ በአማርኛ ነው የዘፈነችው፤ የዘፈነችውም ስለ አባይ፣ ስለ ባለዋሽንቱ፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ዓድዋ ነው።

ከዘፈኖቹ አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። ይህን ቃል ወጣቶቹ «የተደበላለቀ ቋንቋ» ብቻ አድርገው ነው የሚያውቁት። ጉራማይሌ ግን ከሁሉ በፊት የድድ ንቅሳት ነው፤ አንዱን ቦታ አጥቁሮ አንዱን እየዘለለ የሚነቀስ። ስንነቀስ ምን ያህል እንደሚያም፣ ለስንት ቀን ፊታችን አብጦ ትኩስ ነገር መቅመስ እንዳቃተን እናስታውሳለን። እንግዲህ አንዲት ሴት የክራሩንና የዋሽንቱን ዜማ ከጃዝ ጋር፣ ከሬጌ ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ስም ሊሰጠው የሚችል ቃል ፈልጋ ያገኘችው ከእናቶቿ ድድ ላይ ነው። እኛ እንዲህ ነው የተረዳነው።

አልበሙ አገር ቤት ሲደርስ ሁሉም አልወደደውም። «ይህ የእኛ ሙዚቃ አይደለም፣ አበላሸችው» ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም የቤዙ ድምፅ የከበዳት አለች፤ «ልጅቷ ታዜማለች፣ እነሱ ይደበድባሉ» ብላናለች። ለዚህች እህታችን የምንመክራት በ2003፣ በእኛ 1995 ዓ.ም. ገደማ፣ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም የወጣውን «ዛየን ሩትስ» እንድትሰማ ነው። እዚያ ላይ ላስዌል ቤዙን አስቀምጦ ጊታርና ኪቦርድ ነው የያዘው። ክራርና ዋሽንቱ ወደ ፊት መጥተዋል፣ ከቤተሰቧም አብረዋት ያዜሙ አሉ። የወሎው ባቲ ሁሉ አለበት። እኛ ይህኛውን እንመርጣለን፤ እንጀራ ሲጋገር ይሰማል።

ከዚያ በኋላ በ2006 የወጣው አልበሟ ርእሱ በእንግሊዝኛ ተጻፈ እንጂ ሰምና ወርቅ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ «ምስጋና ኢትዮጵያ» ወጣ። እህቷ ትግሥት ሽባባውም ድምፃዊት ነበረች፤ ኒው ዮርክ ላይ «ቦሌ ቱ ሀርለም» ከተባለው ቡድን ጋር ሠርታ ገና በወጣትነቷ አርፋለች። ነፍሷን ይማር።

ወደ ሁለቱ ዘፈኖች እንመለስ። «አባይ» እና «ዓድዋ» በዚያው በ2001 አልበም ላይ ናቸው።

አባይ የሚነሳው ከእኛው ከምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ከግሽ አባይ ነው። ጠበሉን የተጠመቅን፣ በእግራችን ሄደን የተሳልን አለን። ስለ አባይ የሚዘፍን ሰው ብዙ ጊዜ ይወቅሰዋል፤ አፈራችንን ወሰድክ፣ ለባዕድ ገበርክ ይለዋል። እጅጋየሁም ወቀሳውን አልተወችም። ነገር ግን የምታነጋግረው እንደ ሰው ነው፤ ውበቱን ታደንቃለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ምን እንደሚሻል ታማክረዋለች። ይህ አነጋገር ከየት መጣ ብለን ስንነጋገር አንዷ «ይህማ ሴት ከቤት ወጥቶ የቀረ ባሏን የምታነጋግርበት ነው» አለች። ሳቅን፣ ግን ትክክል ናት። ቁጣም ፍቅርም በአንድ አፍ፤ ወፍጮ ላይ የለመድነው ነው።

«ዓድዋ» ላይ ደግሞ ጀግንነት ስታወሳ ፉከራ አላደረገችውም። ስለ ዓድዋ ፉከራ ሞልቶናል፣ ቀረርቶው ሞልቶናል፤ የወንዱ ድምፅ ነው። እሷ የጀመረችው ከሞቱት ነው። እኔ ዛሬ በነፃነት ቆሜ የምናገረው ሌላው ሰው ሕይወቱን ስለከፈለልኝ ነው የሚል ነው ነገሩ፤ የሰው ክብር በሰው ሕይወት እንደተገዛ። ዜማው ረጋ ያለ ነው፣ ይጎትታል። ያቺ በነጠላ ጫፍ ዓይኗን የጠረገችው እናታችን ለምን እንዳለቀሰች ስንጠይቃት «ሙሾ ነዋ» አለችን። ከዚያ በኋላ ደግመን ስንሰማው እኛም እንዲሁ ሰማነው። ሙሾ አውራጅ በለቅሶ ቤት የምትሠራውን ሥራ ነው የሠራችው፤ ልዩነቱ ሟቾቹ በ1888 ዓ.ም. የወደቁ መሆናቸው፣ ለቀስተኛውም አገር በሙሉ መሆኑ ነው። ዛሬ የካቲት 23 ያለዚህ ዘፈን አይከበርም። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የሚጮኸው፣ በቴሌቪዥን የሚከፈተው እሱ ነው። የዘፈኑ ባለቤት ግን ስሟ የተጻፈበት አልበም እያለ እንኳ በእኛ ቡና ላይ ስሟ ጠፋ። ስም ሳይጻፍ የቀረባቸው እናቶቻችንማ እንዴት ይሁኑ?

ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ያልነበረ አንድ ነገር እዚህ ማንሳት ግድ ሆነብን። ካላነሳነው አስመሳይ እንሆናለን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ በእናቷ በኩል ብድር ጠይቃ ነበር። ድምፅ አላት፤ ሠርግ ላይ ሰምተናታል። የራሷን ሁለት ዘፈን ገጥማ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ገብታ መቅዳት ፈለገች። የብድር ቅጻችን የሚጠይቀው የሥራ ዓይነት ነው፤ በግ ማሞከት፣ ዶሮ፣ ጠላ፣ እንጀራ፣ የእህል ንግድ። ዘፈን የሚል የለበትም። ነገሩ ግን በቅጹ አይደለም የቀረው፤ ቅጽማ ይስተካከላል። በስብሰባው ላይ «የማኅበራችን ገንዘብ ለአዝማሪ» የሚል ቃል ከአንዳችን አፍ ወጣ። ማን እንዳለችው አንጽፍም፤ ጽሑፉን ከጻፍነው ከሦስታችን አንዷ ናት። የተቃወመ አልነበረም። እናትየው ማመልከቻውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ያለ ብድር ሄደች፤ አሁን ባሕር ዳር ማታ ማታ ባህል ቤት ትሠራለች ይባላል። ሁለቱን ዘፈኖች ይቅዳቸው አይቅዳቸው እናቷም አታውቅም። እናትየው አሁንም በየወሩ መጥታ ቁጠባዋን ትከፍላለች። ቡናው ሳይፈላ ትሄዳለች። የካቲት 23 ቀን ግን «ዓድዋ» ሲከፈት ገና አልወጣችም ነበር። እኛ ስናለቅስ አየችን።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የብድር ቅጹ ላይ «ሌላ የእጅና የድምፅ ሙያ» የሚል መስመር እንዲጨመር ሐሳብ እናቀርባለን። ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። የማይመለስ ገንዘብ ነው የምትሉ እህቶች፣ በግም ይሞታል፤ ባለፈው ዓመት ስንት በግ እንደሞተብን በመዝገቡ ላይ አለ። እናትየውን ግን ከስብሰባው በፊት ቤቷ ድረስ ሄደን እናነጋግራታለን፤ ይህ የሦስታችን ዕዳ ነው።

ሌላው፣ ጸሐፊያችን ጋ አንድ ባለ መስመር ደብተር ተቀምጧል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወፍጮ ላይ ይሉት የነበረውን፣ ለቅሶ ላይ ያወረዱትን እየመጣችሁ አስመዝግቡ። ፊደል የቆጠሩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እነሱ ይጽፉታል። ከግጥሙ በላይ የገጣሚዋ ሙሉ ስም፣ ያባቷ ስም፣ ቀበሌዋ ይጻፍ።

እስካሁን የመጣችው አንዲት አባል ብቻ ናት፤ ከጃቢ ጠህናን ገጠር፣ በእግሯ። አሥራ አንድ የወፍጮ እንጉርጉሮ አስጻፈች። ሁሉም የእናቷ ናቸው። የእሷንስ ስንላት ሳቀች፤ «የእኔን ተዉት፣ አማቴ በሕይወት አለች» አለችን። የእናቷን ስም ግን ልጇ ሲጽፈው አጠገቡ ቆማ አየች። ማንበብ አትችልም። የትኛው የእናቷ ስም እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳያት ጠየቀችው፣ አሳያት፤ ደግማ አሳየኝ አለችው።